ዘሃራ የጠራችው ዋስ

ባለፈው ጥቅምት በሐረር አዲሱ ከተማ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ መምህራን ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች በድራማ ማስተማር የሚለማመዱበት ስብሰባ ላይ እንድገኝ ተጠርቼ ነበር። የተጠራሁት በዕድሜዬ ምክንያት ይመስለኛል፤ በዚያ ከተማ በልጅነቱ በዚህ መንገድ የተማረ፣ በሕይወት ያለና መናገር የሚችል ሰው ሲፈለግ ሌላ አልተገኘም። በአዳራሹ በር ስገባ ከመድረኩ ፊት የተጋረደው መጋረጃ ከጆንያ የተሰፋ ነበር። ዓይኔ ሳያየው አፍንጫዬ ቀድሞ አውቆታል፤ የደረቀ ቃጫ፣ አቧራ፣ በስፌቱ ውስጥ የቀረ የቡና ገለባ። አንድ ወጣት መምህር ክንዴን ይዞ ወንበር እስኪሰጠኝ ድረስ የት እንደቆምሁ ጠፍቶኝ ነበር። ንግግር እንዳደርግ ስጋበዝ ስለ ዘዴው ጥቅም ጥቂት የታረሙ ዓረፍተ ነገሮች ተናግሬ ተቀመጥሁ። በዚያ ያልተናገርሁትን እዚህ እጽፋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። ዕድሜዬን ከጽሑፍ ጋር ስለኖርሁ፣ ደጋግሞ የተነገረ ነገር እንዴት እየለሰለሰ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ይህን ታሪክ ለሌላ ሰው ነግሬው አላውቅም፤ ለራሴ ግን ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ስለዚህ ለስልሶ ይሆናል። እርግጠኛ ያልሆንሁበትን ቦታ እየጠቆምሁ እሄዳለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርን። ከገና በኋላ አንድ ጠዋት የስምንት ልጆች ስም ተጠርቶ ደብተራችንን ይዘን እንድንወጣ ታዘዝን። የተወሰድነው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለ፣ ቀድሞ መጋዘን ወደነበረ ክፍል ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ጭርት የያዛቸው ልጆች እንዲሁ ተጠርተው ለብቻቸው ተቀምጠው ስለነበር፣ እኔም ሕመሙ ተገኝቶብኛል ብዬ ራሴን እየዳሰስሁ ሄድሁ። ከጎኔ የምትሄድ ቀጭን ልጅ አየችኝና፣ ፊቷን ሳትለውጥ፣ «አትነካካው፤ ይዛመታል» አለችኝ። ይህች ልጅ ዘሃራ ነበረች። ከዚያ ቀን በፊት አንድም ቃል ተነጋግረን የምናውቅ አይመስለኝም።

በመጋዘኑ ውስጥ የጠበቁን መምህር አስፋው ናቸው። ቀጭን ሰው ነበሩ፤ የኮታቸው እጅጌ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ነው። በተሰጠው ፈተና ከሁሉም ልቀን እንደተገኘን ነገሩን፤ ቀጥለውም ይህ የሚያኮራ ሳይሆን ሥራ የሚያበዛብን ነገር መሆኑን አስረዱን። ሕመም ሳይሆን ጉብዝና መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ ብዬ ብጽፍ ይቀላል። የማስታውሰው ግን ትንሽ ማዘኔን ነው፤ ጭርት የያዛቸው ልጆች ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው ነበር።

የመጀመሪያው ሥራችን ባዶ የቡና ጆንያዎችን ሰፍተን መጋረጃ ማውጣት ሆነ። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ በድራማ ካልሆነ በቀር የተማርነው ነገር የለም። ክፍልፋይን ያወቅነው ርስት የሚካፈሉ ወንድማማቾች ሆነን ነው። ወንዞችን ያወቅነው ወለሉ ላይ ተጋድመን ነው፤ ሰለሞን የሚባለው ልጅ ዋቢ ሸበሌ፣ እኔ ኤረር ሆኜ ወደ እርሱ ስፈስስ ሱሪዬ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ቤት ስገባ እናቴ ምን እንደሆንሁ ጠየቀችኝ። ወንዝ ሆኜ ነው አልኋት። ከዚያ በኋላ የመጣውን አላስታውስም፤ እንዳላስታውስ የመረጥሁ ይመስለኛል።

በዕረፍት ሰዓት ሌሎቹ ልጆች «አዝማሪዎቹ መጡ፤ ማሲንቋችሁ የታለ?» ይሉን ነበር። አንዳንድ መምህራንም ክፍላችንን «የአስፋው ጨዋታ ቤት» ይሉታል። ይህ መምህራችንን እንደሚያማቸው እናውቅ ነበር፤ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ፣ ሥራችንን አስቁመው እንዲህ ይሉናል፦ «ይህ ጨዋታ አይደለም። እዚህ ቆማችሁ የተናገራችሁት ቃል፣ ቃላችሁ ነው።»

ከሁሉም የሚበልጥብን ችሎቱ ነበር። በድሮው ሥርዓት ነው የሚካሄደው፤ ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ ይቆምና «ተጠየቅ» ይላል፤ ባላጋራው «ልጠየቅ» ይላል። ክርክሩ ሲያልቅ ሁለቱም ዋስ ይጠራሉ፤ የጠራው ወገን ፍርዱ ቢከፋውም እንደሚፈጽም ተነሥቶ በቃሉ የሚያረጋግጥ ሰው ማለት ነው። መምህር አስፋው በዚህ ላይ ሁለት ሕጎች ጨመሩበት። አንደኛው፣ ማንም የሚያምንበትን ወገን ይዞ አይሟገትም፤ ጎበዝ ልጅ የራሱን ሐሳብ ማስረዳት አያቅተውም፣ ስለዚህ አያስተምረውም ይሉ ነበር። ሁለተኛው፣ ዳኛው ለወደደው ሳይሆን የተሻለ ለተከራከረው ይፈርዳል። ዳኛው ሁልጊዜ እኔ ነበርሁ። አባቴ በፍርድ ቤቱ በር ዣንጥላ ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ስለነበር፣ የችሎት ቋንቋ በቤታችን እንደ ጨው በየምግቡ ይገባ ነበር። ዳኛ ፊት አያይም፣ ወረቀት ነው የሚያየው ይለኝ ነበር። በዚህ ሹመቴ እጅግ እኮራ ነበር።

ስለ ዘሃራ ስጽፍ ይበልጥ መጠንቀቅ አለብኝ። ሐኪም ከሚባለው ጋራ ግርጌ በእግሯ ነበር የምትመጣው፤ አባቷ አቶ ዩሱፍ እዚያ ማሽላና ጫት ያበቅላሉ፤ እናቷ ደግሞ ፈላና በር ገበያ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። የሰው ድምፅ አንድ ጊዜ ከሰማች ከነአተነፋፈሱ ትይዘዋለች። ርእሰ መምህሩን ስትሆን ቀና ብለን በሩን እናይ ነበር። በጽሑፍ ፈተና ከእኔ አንድ ነጥብ ትበልጣለች ወይም አንድ ነጥብ ታንሳለች፤ ከዚያ ርቀን አናውቅም። ወድጃት ነበር? ፈርቻትስ ነበር? በዚያ ዕድሜ ሁለቱን የሚለይ ቃል አልነበረኝም።

በመጋቢት ይመስለኛል መቅረት ጀመረች፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዚያ ሁለት ቀን። በዚያው ሰሞን መምህራችን የአንድን ሰው ሥራ በቅርብ ተመልክተን ያንን ሰው ሆነን እንድንመጣ አዝዘውን ነበር። አንድ ቀን ለእናቴ ሽንኩርት ልገዛ ፈላና በር ስሄድ ዘሃራን በእናቷ ቦታ ተቀምጣ አገኘኋት። ከፊቷ ድንች በጥንድ በጥንድ ተደርድሯል፤ ራሷን እንደ ትልቅ ሴት ተከናንባለች፤ ትንሽ ወንድሟ በሻሽ ታስሮ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። አንዲት ገዢ ዋጋ ብታወርድባት በእናቷ ድምፅ «በይ ሂጂ፣ በረካ የለሽም» አለቻት። የቤት ሥራዋን እየሠራች ነው ብዬ በመገረም ቆምሁ። ሕፃን እንኳ ተውሳ መጥታለች። ላለማቋረጥ ብዬ ሰላም ሳልላት በዝግታ ሄድሁ።

በማግሥቱ ይህን ለመምህር አስፋው ነገርኋቸው፤ ከሁላችንም አብልጣ እየተለማመደች መሆኗን፣ ሕፃኑን ሳይቀር። ሳቅ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ጠመኔውን አስቀምጠው፣ ሕፃኑ ስንት ዓመት እንደሚሆን ጠየቁኝ።

ያንን ሳምንት ምን እንዳደረጉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ወደ ሐኪም ጋራ ሄደው አቶ ዩሱፍን አነጋግረዋል። የዘሃራ እናት በሕመም አልጋ ይዛለች፤ አቶ ዩሱፍም ልጃቸውን ከትምህርት ሊያስቀሯት አስበው ገና አልቆረጡም። መምህሩ አልተከራከሯቸውም። በሚያዝያ መጨረሻ በወላጆች በዓል በምናሳየው ችሎት ላይ እንዲገኙ ብቻ ለመኗቸው። ከዚያ የችሎቱን ጭብጥ አወጡ፤ አንድ አባት ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ሰለሞን የሴት ልጅ ቦታ ቤት ነው የሚል ልጅ ስለነበር በሕጉ መሠረት ለልጅቱ እንዲሟገት ተመደበ። ለአባትየው እንድትሟገት የተመደበችው ዘሃራ ናት። አባቷ የራሳቸውን ቃል ከልጃቸው አፍ ቢሰሙ ልባቸው ይራራል ብለው መምህሩ አስበው መሆን አለበት። ይህን እኔ ነኝ የምገምተው፤ እሳቸው ነግረውኝ አያውቁም።

ከበዓሉ አንድ ቀን በፊት ለብቻዬ ጠርተውኝ፣ «ነገ የምትሰጠው ፍርድ ከዚህ ክፍል ውጭም ይሰማል። በደንብ አስብበት» አሉኝ። ርእሰ መምህሩና ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚመጡት እንግዶች ይሰሙሃል ማለታቸው መሰለኝ። ስለዚህ ጥብቅና ሕጋዊ ፍርድ ለመስጠት ተዘጋጀሁ፤ ማታውን ከአባቴ ሦስት የፍርድ ቤት ሐረጎች ተምሬ በቃሌ ያዝሁ። መምህሬ ሕጋቸው ዳኛን በግልጽ ማዘዝ ስለማይፈቅድላቸው በሩቁ ለመኑኝ። እኔም ልመናቸውን እንደ ማስጠንቀቂያ ተቀበልሁት።

በዓሉ ከቀትር በኋላ ነበር። የቆርቆሮው ጣራ በፀሐዩ ይንጣጣል፤ ጆንያው ይሸታል፤ ወላጆች ከሌላ ክፍል በመጡ አግዳሚዎች ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። አቶ ዩሱፍ ከኋላ በኩል ነጭ ኮፍያ አድርገው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀምጠዋል። ዘሃራ ነጠላዋን እንደ ወንድ አጣፍታ ስትወጣ ሰው ሳቀ። አፏን ስትከፍት ግን ሳቁ ቆመ፤ ድምፁ የአባቷ ነበር።

«ተጠየቅ» አለች። «ልጅቱ ትማር ትላለህ። እሺ ትማር። ጠዋት ውሃውን ማን ያምጣ? እናቷ እንደሆነች ተኝታለች። ትንሹ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ወደ እሳት ሲሄድ ማን ይያዘው? እኔ ልጄን ጠልቼ አይደለም። ከልጆቼ ሁሉ የምተማመናት እሷን ስለሆነ ነው። የማይረባውን ልጅማ ቤቱ መች ይፈልገዋል?»

ቃላቱ በትክክል እነዚህ መሆናቸውን አልምልም። የመጨረሻው ግን ይህ ነበር።

ሰለሞን ዘንጉን አነሣና ትምህርት ብርሃን መሆኑን፣ የተማረች ሴት ለአገሯ አለኝታ መሆኗን ተናገረ። ዘሃራም፣ «እንግዲያው አገር ይምጣና ልጁን ይያዝልኝ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሰለሞን ቀላና ስለ ብርሃን እንደገና ጀመረ።

እኔ ከፍ ባለው ወንበሬ ላይ ሆኜ ዋስ እንዲጠሩ አዘዝሁ። ሰለሞን ከክፍላችን አንድ ልጅ ጠራ። ዘሃራ ግን ወደ ሕዝቡ ዞራ ዘንጓን ወደ ኋላው አግዳሚ ዘረጋች።

«ዋሴ አቶ ዩሱፍ ናቸው» አለች።

ሰው እንደገና ሳቀ፤ አቶ ዩሱፍ ግን አልሳቁም። በእሳቸው አገር ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ሁለት ወገን ተሰምቶ፣ ሰው በስሙ ዋስ ሁን ተብሎ ሲጠራ ተቀምጦ የሚስቅ የለም። ተነሡ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ «ዋስ ነኝ። ወላሂ፣ የተፈረደውን እፈጽማለሁ» ብለው ተቀመጡ። መምህር አስፋው ከመጋረጃው አጠገብ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጥተው ቆሙ። በደስታ መስሎኝ ነበር። ከሠራናቸው ድራማዎች ሁሉ እንደዚያ እውነት የመሰለ አልነበረም።

ፍርዱን ቆሜ አነበብሁ፤ ወይም ያነበብሁ ይመስለኛል፤ በእጄ ወረቀት እንደነበረ አስታውሳለሁ። የልጅቱ ተሟጋች ስለ ብርሃን ተናገረ እንጂ ስለ ውሃው አልመለሰም፤ ተጠይቆ ያልተመለሰ ነገር እንደታመነ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ችሎቱ ለአባት ፈርዷል አልሁ። ጭብጨባው ረዥም ነበር። ርእሰ መምህሩ መጥተው ጨበጡኝ። ዘሃራ ዘንጉን እንደያዘች ቆማ ትመለከተኝ ነበር። አሁንም አባትየውን ሆናለች ብዬ፣ ሥራዋን ከልብ የምትሠራ ልጅ ናት ብዬ አደነቅኋት።

ሰኞ አልመጣችም፤ ማክሰኞም አልመጣችም። ረቡዕ መምህር አስፋው እኔን ይዘው ወደ ሐኪም ጋራ ሄዱ። ለምን እኔን እንደያዙ በመንገድ ላይ አልነገሩኝም፤ እኔም ለምስጋና የምንሄድ መስሎኝ ንጹሕ ሸሚዜን ለብሼ ነበር።

አቶ ዩሱፍ በአክብሮት ተቀበሉን። በግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈልን፤ ወተት ቀረበልን። ከውስጥ ደረቅ፣ ረዥም ሳል ይሰማል። ዘሃራ ወተቱን አኑራ ወደ ውስጥ ገባች፤ ዓይኗ እኔ ላይ አላረፈም። መምህራችን የእናቲቱን ጤና ጠይቀው፣ ስለ ስድስተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና መቅረብ ተናግረው፣ በመጨረሻ በበዓሉ ቀን የተደረገው ነገር ማስተማሪያ እንደሆነ፣ ማንንም እንደማያስር አስረዱ።

«ጨዋታ ነው፣ አቶ ዩሱፍ» አሉ።

ጨዋታ ነው ሲሉ ስሰማቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አቶ ዩሱፍ፣ «ጨዋታ ነው አይበሉኝ፣ መምህር» አሉ። «ልጄ ይህን ሁሉ ወር ውሃው እየጎደለ የሄደችው ለጨዋታ ነው? እኔንም ወደ ትምህርት ቤት ና ብላችሁ ስትጠሩኝ ሥራዬን ትቼ መጣሁ። ዋስ ሁን አለችኝ፤ ሆንሁ። ለእሷ ተፈርዶ ቢሆን፣ ወላሂ፣ ውሃውን ራሴ እቀዳው ነበር። እናቷንም እንደሚሆነው አደርግ ነበር። ለእኔ ተፈረደ። ምን ላድርግ?»

መምህር አስፋው ጨዋታ ነው ቢሉ ልጅቱን ለጨዋታ አዋሏት ማለት ነው፤ አይደለም ቢሉ ፍርዱ ይጸናል።

ከዚያ አቶ ዩሱፍ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሰበብ የሚፈልግ ሰው ድምፅ ነበር። «አንተ ነህ የፈረድከው። ልጄ፣ ያመንክበት ፍርድ ነው? ከተሳሳትክ ተሳሳትሁ በለኝ፤ ዳኛ ሲሳሳት ዋሱ ነፃ ነው።»

በአንዱ ትዝታዬ «አዎ፣ ያመንሁበት ነው» እላለሁ፤ በሌላው ራሴን ብቻ እነቀንቃለሁ። ሁለቱም አንድ ነው፤ በሩ ክፍት ስለነበር ከውስጥ ያለ ሰው መስማትም ማየትም ይችላል። ለምን እንደዚያ እንዳልሁ ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። ፍርዱ በሕጉ ትክክል ነበር። በመምህሬ ፊት ተሳሳትሁ ለማለት አፍሬ ነበር። ፈተናውም ስድስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ከዘሃራ በቀር የሚፎካከረኝ አልነበረም። በዚያች ቅጽበት ስለ ፈተናው አላሰብሁም ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ ዛሬ የሚቃወመኝ ሰው የለም። ስለዚህ ነው የማልጽፈው።

ስንወጣ ዘሃራ ሕፃኑን አዝላ እስከ ቁልቋሉ አጥር ሸኘችን። መምህራችን ቀድመው ይሄዱ ነበር። ወደ ኋላ ቀርቼ፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ሁሉ፣ ለምን ያን ያህል አሳምራ እንደተሟገተች ጠየቅኋት።

«ደካማ አድርጌ ብሟገትለት ፍርዱን መች ይቀበላል?» አለችኝ። «በደንብ ተሰማሁ እንዲል ነው። ዋስ ያደረግሁትም ሲፈረድበት እንዳያፈርስ ነው።» ሕፃኑን ወደ ላይ አስተካከለች። «አንተ ታውቃለህ ብዬ ነበር።»

«ሰለሞን ስለ ውሃው አልመለሰም» አልኋት።

«እሱስ እውነት ነው» አለች። «አልመለሰም።» ከዚያ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከመምህሬ የደረስሁት ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከፊታችን የጀጎል ግንብና የአዲሱ ከተማ ጣራዎች በፀሐይ ነጥተው ይታያሉ። ምን እንዳለችኝ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ብነግራቸው ኖሮ፣ ያስተማሩት ነገር ሁሉ በአንዲት ልጅ ውስጥ እንደገባ፣ ከእሳቸውም አልፋ እንደሠራችበት ያውቁ ነበር፤ ያንን የማወቅ መብት ነበራቸው። ነገር ግን ያንን መንገር፣ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነበር ያለችኝንም መንገር ነው።

«ሰላም በልልኝ ብላለች» አልኋቸው።

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም አላለችም።»

ራሳቸውን ነቀነቁና መሄዳቸውን ቀጠሉ። በማግሥቱ ክፍል ስንገባ መምህር አስፋው ጀርባቸውን ሰጥተውን ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በጽሑፍ እየሞሉ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ችሎት ተቀምጠን አናውቅም። ሰባታችንም እስከ ፈተናው ድረስ ድምፅ ሳናሰማ ከሰሌዳው ስንገለብጥ ከረምን።